ጎዶሎ ገጾች

ሚያዝያ 12

ተራ ቀን። አሥራ ስድስት ጥራዝ ሰፋሁ፣ አራቱን በኮላ አጣበቅሁ። የወስፌው ጫፍ ደንዟል፣ ነገ መሞረድ አለበት።

ማተሚያ ማሽኑ ዛሬም የወረቀቱን ጀርባ አላትምም ብሎ ዋለ። ፊቱን ያትምና ጀርባውን ባዶ ይተፋዋል። ጋሼ በጫማው ጫፍ ጠለዘው። ጋሼ የማተሚያና ጥረዛ ቤቱ ባለቤት ነው፤ እኔ ስቀጠር ፀጉሩ ጥቁር ነበር። ማሽኑ ተጠልዞም አልተማረም።

የተበላሸው ወረቀት እንደ ወትሮው ወደ ሳጥኑ ገባ። ከሳጥኑ የፈለገ መውሰድ ይችላል። ሌሎቹ ለመጠቅለያ ይወስዱታል። እኔ አነበዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የተማርኩት ሁሉ ከዚህ ሳጥን ነው። የሚበላሸው ሁልጊዜ ጀርባው ስለሆነ የሚደርሰኝ ጎዶሎው ገጽ ብቻ ነው። 1፣ 3፣ 5፣ 7… ተጋማሾቹን አላገኛቸውም። ገጽ 31 «ማረጋገጫው እንደሚከተለው ነው» ብሎ ያልቃል፣ ገጽ 33 «ስለዚህ ተረጋገጠ» ብሎ ይጀምራል። መሀሉስ? አንዱን መሀል ሦስት ዓመት ጠብቄ በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ተውኩ። ባዶው ጀርባ ላይ ራሴ እጽፈዋለሁ። አልጋዬ ሥር ሁለት ሻንጣ ሞልቷል፤ ጎዶሎው የሰው፣ ተጋማሹ የእኔ።

ምላጭ ዛሬም ለከፈችኝ። ምላጭ የምንላት የመቁረጫ ማሽኑን የምትሠራውን ነው፤ ምላሷም እንደ ሥራዋ ነው። ከሳጥኑ ስለቅም አይታ፣ «ሰው ጥራዝ ነጠቅ ሲባል ይናደዳል፣ አንቺ ደሞዝ ይከፈልሻል» አለች። ሳቅኩ። መልቀሜን ቀጠልኩ።

ሚያዝያ 14

ዛሬ ከሳጥኑ ወርቅ አገኘሁ።

የአንዲት የዶክትሬት ተማሪ ረቂቅ። ቀጭን ልጅ ናት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ነው የምትቆመው። ለአማካሪዋ የምታሳየው አንድ ቅጂ ልታሳትም መጥታ ማሽኑ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከዳት። በሌላ ማሽን ታትሞላት ሄደች። ጎዶሎዎቹ ለእኔ ቀሩ፤ 83፣ 85፣ 87፣ 89።

ስለ ሳሙና አረፋ ነው! እሷ ግን እንዲህ አትልም፤ «ቋሚ አማካይ ጉብጠት ያላቸው ገጾች መረጋጋት» ትላለች። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አረፋ ላይ የትኛውም ነጥብ ብትቆም፣ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚጎብጥ፣ በሌላው ምን ያህል እንደሚጎብጥ ትለካና አማካዩን ትወስዳለህ። አማካዩ በሁሉም ቦታ አንድ ነው። ክብ አረፋ እንዲህ ነው። በሁለት ቀለበት መካከል የተወጠረ፣ እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ አረፋም እንዲሁ ነው።

ጥያቄዋ፣ ይህ ቧንቧ ምን ያህል ሲረዝም ነው የሚፈርሰው?

የምታውቀው በራስ ቁጥር ነው። እነሱ አይገንቫሊዩ ይሉታል፤ እኔ ከብዙ ዓመት በፊት የራስ ቁጥር ብዬዋለሁ፣ ለምዶብኛል። አረፋዋን በአንድ ቅርፅ ነካ አድርጋት። መልሷ ያው ቅርፅ ነው፣ በአንድ ቁጥር ተባዝቶ። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ከዜሮ በታች ከሆነ ነክተሃታል፣ አለቀላት። ሁሉም ቅርፅ የራሱ ቁጥር አለው። ከሁሉም ትንሹን መያዝ ነው። እሱ ከቆመ ሌሎቹም ይቆማሉ።

ገጽ 85 «አየሩ ውስጡ ተዘግቶበታል፣ መጠኑ አይለወጥም» ይላል። ገጽ 87 ፎቶ ነው፤ ሁለት ቀለበት፣ መሀላቸው አረፋ፣ ቀጭን ቱቦ፣ ትንሽ ባለ እጀታ መክፈቻ ቧንቧ፣ ከዚያ ለስላሳ የአየር ከረጢት። ገጽ 89 መልሱ፦ የአረፋው ቧንቧ እስከ ዙሪያው ግማሽ ድረስ ይቆማል፣ ሙከራውም ይስማማል።

88 የለኝም። እሑድ እጽፈዋለሁ።

ሚያዝያ 18

88ን ለሙከራ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ግን ግማሽ አልመጣልኝም። ሙሉ ነው የመጣው።

እንዲህ አሰብኩ። ቀለበቱን በክር አንድ ዙር ጠምጥመህ ቁረጠው። ይህ ሙሉ ክር ነው። አረፋው ሊያብጥ የሚችልበት የመጀመሪያው ቅርፅ እንዳለ ሆዱን መንፋት ነው። የዚያ ቁጥር፣ ፓይን ለርዝመቱ አካፍለህ በራሱ ታባዛለህ፣ ከዚያ ላይ አንድ ለሬዲየሱ ካሬ ትቀንሳለህ። ርዝመቱ ግማሽ ክር ሲሆን ዜሮ ይሆናል። ልጅቷ ያለችው ይህን ነው።

ግን አየሩ ተዘግቷል ብላለች። ሆዱን እንዳለ ለመንፋት ተጨማሪ አየር ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? ስለዚህ ያ ቅርፅ አይፈቀድም። ከሁለተኛው ነው መቁጠር፤ አንዱ ጫፍ ሲያብጥ ሌላው የሚከሳው። አንዱ የጨመረውን ሌላው ያጎድላል፣ አየሩ እዚያው ነው። የእሱ ቁጥር ዜሮ የሚሆነው ሙሉ ክር ላይ ነው። እጥፍ!

ሦስት ጊዜ አሰላሁ። እሷ ዶክተር ልትሆን ነው፣ ፎቶም አላት። እኔ ምን አለኝ?

ሳሙና አለኝ።

ሚያዝያ 20

ከሥራ መልስ የልጅቷን የሙከራ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ሠራሁ። ሁለት የሰፊ ጠርሙስ ክዳን፣ ስፋታቸው አራት ሴንቲ። የላይኛውን በወስፌ በሳሁና እናቴ ታማ ሳለች የተረፈውን የጉሉኮስ ቱቦ አስገባሁ። በቱቦው ሌላ ጫፍ ስስ የዳቦ ፌስታል፣ አየር የተሞላ፣ ጠረጴዛ ላይ የተኛ። በሱ ላይ አንድ ወረቀት የሽፋን ካርቶን፣ በካሬ ሜትር 250 ግራም የሚመዝነው። ክብደቱ አየሩን ወደ አረፋው ይገፋል። ሁለት ወረቀት ሳደርግ አረፋው እንደ ቦርጭ ወጣ። በተራ ወረቀት ከሳ። በ250 ግራሙ ቀጥ አለ። የወረቀት ክብደት በጣቴ ስለማውቅ እንጂ እስከ ነገ ስሞክር በዋልኩ።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከፋርማሲ ትንሽ ግሊሰሪን። የላይኛው ክዳን ማስመሪያ ላይ ተጣብቆ፣ ማስመሪያው በሁለት ክምር የጥራዝ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። በየጎኑ አንድ አንድ ካርቶን ስጨምር ሁለት ሚሊ ይነሳል። ግማሽ ክር ማለት 31 ካርቶን። ሙሉ ክር 62።

ስምንት ጊዜ ሞከርኩ። 30 ላይ ቆመች። 31 ላይ ቆመች። 32 ላይ ሆዷ ገባና ጠፋች። ስምንቱንም ጊዜ!

ልጅቷ ልክ ናት። 88ን ቀደድኩት።

ሚያዝያ 21

መቅደድ አልነበረብኝም። ስህተትም ቢሆን የት ጋ እንደሳትኩ አላወቅሁም።

ሚያዝያ 25

እሑድ። እንደገና ጀመርኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። አረፋዋ ቆንጆ ስለሆነች ይሆናል።

30 ላይ እያለሁ ወንድሜ በሩን መታ። ታናሼ ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛ፤ እሑድ እሑድ ልብሱን ይዞልኝ ይመጣል፣ ቁልፍ እንድተክልለት። ተነስቼ ከፈትኩ። ሻይ አፈላሁ። ሸሚዙ ላይ ሁለት ቁልፍ ተከልኩ። አረፋዋ እዚያው ቆማለች። ተመልሼ ካርቶን መጨመር ጀመርኩ፣ እያወራሁ። 31። 32። 33። እሱ ስለ አንድ ደንበኛው ይነግረኛል፣ ሰውዬው ቧንቧውን በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልሎ «አጥብቄዋለሁ» ያለው… 35። 36። ደንገጥ አልኩና ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት!

ቆማለች። ወገቧ ትንሽ ገባ ብሏል እንጂ ቆማለች።

ምን ለየው? ያው ሳሙና፣ ያው ካርቶን። ሳየው የቱቦዋ ትንሿ ጎማ፣ የጉሉኮሱን ፍሰት የምትቆጣጠረዋ፣ ተዘግታለች። እናቴን ሳስታምም የለመድኩት ነው፤ ከአጠገቧ በተነሳሁ ቁጥር ጎማዋን በአውራ ጣቴ ጠበቅ ማድረግ። ሰባት ዓመት አልፎም እጄ አልረሳም። ለበሩ ስነሳ ዘግቼያታለሁ።

ተዘግታለች! አየሩ ተዘግቷል! እስካሁን ስሞክር ክፍት ነበረች፣ አረፋዋ ከፌስታሉ አየር ትወስዳለች፣ ትመልሳለች፣ እንደፈለገች ሆዷን ትነፋለች። ለዚህ ነው 32 ላይ የሄደችው። ጎማዋን ለአፍታ ከፍቼ በጣቴ ፌስታሉ ላይ ያለውን ካርቶን ነካ፣ ትንሽ አየር፣ ዝግ። ሁለት ካርቶን። ትንሽ አየር፣ ዝግ። 40። 48። 55። ወንድሜ ወሬውን አቁሞ ማየት ጀመረ። 57 ላይ ካርቶኑን ሳስገባ ማስመሪያው ተነቃነቀ፣ ሄደች።

62 አልደረስኩም። ሳሙናው በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታች ትወፍራለች። ግን 57 ሠላሳ ሁለት አይደለም። አጠገቡም አይደለም!

የልጅቷን ፎቶ ለወንድሜ አሳየሁት። ስለ አረፋው አልጠየቅኩትም። ቧንቧው እንዴት ነው አልኩት። ጭራሽ ሳይጠጋ፣ «ክፍት ነው። እጀታው ከቱቦው ጋር አብሮ ከተኛ ክፍት፣ ከተሻገረ ዝግ። ይህንንማ የኔ ውሻም ታውቃለች፣ እታለሜ።» ውሻ የለውም።

እጀታው ተኝቷል። ገጽ 85 ዝግ ነው ትላለች፣ ገጽ 87 ክፍት ነው። ስሌቷ ከመጀመሪያው ቅርፅ ቆጠረ፣ እሱም የክፍት ስሌት ነው። ስሌቱና ሙከራው የተስማሙት ሁለቱም አንድ ጥፋት ስላጠፉ ነው። እኔም ሦስተኛ ሆኜ ተስማማሁላቸው!

88ን እንደገና ጻፍኩ። አሁን በራሱ ቦታ፣ በ87 ጀርባ ላይ።

ግንቦት 1

ልጅቷ የመጨረሻውን አምጥታለች። አራት ቅጂ፣ ጥቁር ሽፋን፣ የወርቅ ፊደል። በ7 ነው የምትወስደው፣ በ13 ለፈተና ትቀርባለች። ለጋሼ ስትነግረው ሰማሁ፤ ከፈታኞቹ አንዱ ተማሪዎች «መላሹ» የሚሉት ሰውዬ ነው። ባለፈው ዓመት የእሷኑ መልሶባታል። ዘንድሮ ከመለሰው ሦስተኛ ዕድል የለም፣ ሕጉ ነው። ስድስት ዓመት ደክማበት ባዶ እጇን ወደ ቤቷ።

ስትሄድ 88ን ገለጥኩ። የራሷን፣ እውነተኛውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋማሽ ገጽ ስፈልገው አገኘሁ። እንደፈራሁት ነው፤ «ከሁሉም ትንሹ የራስ ቁጥር» ብላ ከመጀመሪያው ቅርፅ ጀምራለች። አየሩ እንደተዘጋ እዚያ ገጽ ላይ ረስታዋለች።

መላሹ እንደሆነ አይረሳም።

ግንቦት 3

ተናገርኩ።

የቤታችን ሕግ አንድ ነው፤ የጠራዥ ዓይን ገጽ ቁጥር ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን እናያለን፣ የተገለበጠ ካለ እናቃናለን፣ ጽሑፉን አናነብም፣ ካነበብንም አንናገርም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሕግ በአፌ ጥሼው አላውቅም። በዓይኔማ…

ልጅቷ የሽፋኑን ጽሑፍ ልታረጋግጥ ስትመጣ ባንኮኒው ጋ ጠበቅኋት። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ገጽ 87ን ከፍቼ እጀታውን በጣቴ አሳየኋት።

«ይህ ቧንቧ ክፍት ነው፣ እህቴ። 85 ላይ ዝግ ብለሻል።»

አየችኝ። ገጹን ሳይሆን እኔን። በትህትና ነው ያናገረችኝ፣ ክፋቷን አልናገርም። አማካሪዋ እንዳየው፣ ፊርማ እንዳረፈበት፣ ስሌቱና ሙከራው እስከ ሁለት በመቶ እንደሚስማሙ ነገረችኝ።

«የተስማሙት ሁለቱም ቧንቧውን ክፍት ስለተዉት ነው» አልኳት። «ከሁለተኛው ቅርፅ ነው መቁጠር የነበረብሽ። ሆዱን ለመንፋት አየር ከየት ያመጣል?»

ጉንጯ ቀላ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔን ጽሑፍ እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚያነበው?»

እውነቷን ነው። ከመሳቢያዬ የመስፊያ ክር አወጣሁ። ዙሪያው ስንት እንደሆነ ከ87 ግርጌ አንብቤ ነበር፣ በልኩ ቆርጬ መሀሉ ላይ ቋጠርኩበትና እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ጽሑፍሽ የሚቆመው ቋጠሮው ላይ ነው፣ አረፋው ግን እስከ ክሩ ጫፍ ይሄዳል፣ እጀታውን አሻግሪና እይው አልኳት። እጇን ጨበጠችና ወጣች። ክሩን ጥላው ይሁን ይዛው አላየሁም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ግንቦት 4

ጋሼ ሰምቷል። ከመጋረጃው ኋላ ነበር። አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እኛ የምንሸጠው ጥረዛ ይመስልሻል? ጥረዛ የትም አለ። እኛ የምንሸጠው ዝምታ ነው። ማንም ያላየውን ይዘው ይመጣሉ፣ ማንም ሳያየው ይዘው ይሄዳሉ።»

ሀቅ አለው። ሰዎች ለዚህ ብለው ከሩቅ ሰፈር ድረስ እኛ ጋ ይመጣሉ። ተሳስቻለሁ ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አልተሳሳትኩማ። ሕጉን ጥሻለሁ፣ ስሌቱን አልሳትኩም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛ ከተደገመ እንጀራሽ እዚህ አይደለም አለኝ። አራቱንም በ7 ጨርሰሽ አስረክቢ አለኝ። እሺ ጋሼ አልኩ።

ምላጭ ቀኑን ሙሉ አልለከፈችኝም። ያስፈራል።

ግንቦት 5

አራቱንም ሰፋሁ። የዶክትሬት ጽሑፍ በጎኑ ነው የሚሰፋው፤ በወስፌ አምስት ቀዳዳ፣ ክሩ ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ ጀርባው ኮላ ይጠጣል፣ ከዚያ ሽፋን። ኮላ ከጠጣ አይፈታም፣ መቅደድ ብቻ ነው። ክር ብቻ ከሆነ ግን በአንድ ምላጭ ተፈትቶ በአሥር ደቂቃ ይመለሳል።

ኮላ አልነካሁትም። ሽፋኑን እንዲሁ አለበስኩት፣ ዕቃ ጭኜበት ለደረቀ አስመሰልኩት። ከፊት ሲያዩት አንድ ነገር አይጎድለውም።

ምላጭ ጠርዙን ልትቆርጥ አንዱን አነሳች። ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። አየችኝ። እኔ ወስፌዬን አየሁ። አስቀመጠችውና ወደ ጋሼ ሄዳ ኮላ አልቋል፣ የሰሞኑም ቀጥኖ ነበር፣ እስከ 10 ካልመጣ ርክክቡ ይዘግይ አለችው። ሙሉው የኮላ ቆርቆሮ ከመቁረጫው ሥር፣ በካፖርቷ ተሸፍኖ ነበር።

ስትመለስ «ሆድ ይፍጀው» አለች።

ግንቦት 6

ልጅቷ አልመጣችም። አልደወለችም።

ግንቦት 7

ዛሬም የለችም። ጋሼ ደውሎላት ጥራዙ ሦስት ቀን ዘገየ አላት። ምን አለች ብዬ መጠየቅ አልችልም። እሷ ባትመጣ በ10 ኮላ ማስገባት አለብኝ። አስገባለሁ። የሰው ሥራ ነው፣ ስሙም የሷ ነው። የእኔ ቁጥር ግን ልክ ነው። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነው። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ግንቦት 8

በሩን ስንከፍት ደጁ ላይ ቆማ ነበር።

ክሩ በእጅ አንጓዋ ላይ ተጠምጥሟል። ስንገባ ፈታችውና ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ቋጠሮውን በጣቷ ያዘች።

«ከዚህ አለፈ» አለች።

ነገሩን የነገረችኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀን ክሩን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። በሁለተኛው ቀን ወደ ቤተ ሙከራ ገባች፣ ሴትዮዋ እንደተሳሳተች አይታ ልትተኛ። እጀታውን አሻገረችው። አረፋው ቋጠሮውን አልፎ ሄደ። ከዚያ ራሷ 88ን ከፍታ፣ ከሁለተኛው ቅርፅ ቆጥራ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስድስት ዓመት ውስጥ እጀታውን ማንም አላየውም፣ አማካሪዋም። ሁሉም የሚያየው አረፋውን ነበር። አሁን ሁለቱንም አድርጋለች፤ ክፍት ሲሆን ግማሽ፣ ዝግ ሲሆን ሙሉ፣ ሁለት ፎቶ፣ አዲስ ስሌት። ከ85 እስከ 90 ሦስት ቅጠል ነው የሚለወጠው። አዲሱን በአራት ቅጂ አሳትማ ይዛ መጥታለች። ሲፈርምበትም አማካሪዋ ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ግን ተጠርዟል፣ አይደል?»

ጋሼ ቆሞ ይሰማል። ከተጠረዘ በኋላ ቅጠል መለወጥ እንደማይቻል፣ ጥራዙ እንደሚቀደድ፣ አዲስ ለመሥራት ደግሞ ወርቁ እንደማይደርስ ማስረዳት ጀመረ።

«ኮላ አልነካውም፣ ጋሼ» አልኩ።

አንዱን ጥራዝ አነሳ። ጀርባውን ዳሰሰ። እኔን አየ፣ ምላጭን አየ። ምላጭ ጣሪያ ታያለች። ጥራዙን ወደ እኔ ገፋው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ። «ፍቺው።»

ፈታሁት። አራት ጥራዝ፣ ሃያ ቀዳዳ፣ አርባ ደቂቃ። ልጅቷ ቅጠሎቹን ታቀብለኛለች፣ እኔ አስገባለሁ። ሳስገባ ሳወጣ ገጽ ቁጥሩን ሳይ ነበር። 84፣ 85፣ 86… ልማድ ነው። ኮላው ከካፖርቱ ሥር ወጣ። ጋሼ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ስትወጣ ልትስመኝ ነበር መሰለኝ፤ እጄ ኮላ ስለነበር ትከሻዬን ነካ አድርጋ ሄደች።

ግንቦት 13

ጋሼ ግማሽ ቀን ፈቀደልኝ። አልጠየቅሁትም። «አምስተኛ ቅጂ ከፈለጉ እዚያ ብትሆኚ ጥሩ ነው» አለ። አምስተኛ ቅጂ ማንም አይፈልግም፣ እሱም ያውቃል።

ልጅቷ ከአራቱ ቅጂ የራሷን አስይዛኝ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መላሹ ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚያነበው። መጀመሪያ የከፈተው መጨረሻውን ምዕራፍ ነው! ፎቶዎቹ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ። እዚህ እጀታው ተኝቷል፣ እዚህ ተሻግሯል፣ ልዩነቱን ንገሪኝ አላት።

ነገረችው። ሆድ መንፋቱን፣ አየር ከየት እንደሚመጣ፣ ከሁለተኛው ቅርፅ ለምን እንደሚቆጠር። ከኪሷ ክሩን አውጥታ አረፋው አጠገብ አንጠለጠለችው፣ ቋጠሮው እየታየ። ባለፈው ዓመት ረቂቅ ይህ አልነበረም አላት። አልነበረም አለች። ማን አስተዋለው አላት።

«የጠረዘችው ሴትዮ።»

ክፍሉ ወደ ኋላ ዞረ። እኔ ዓይኔን ከጭኔ ላይ ባለው ቅጂ ገጽ ቁጥር ላይ ተከልኩ። 112 ነበር፤ አስታውሰዋለሁ።

መላሹ አልመለሰም። አለፈች! ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ጠየቃት፤ ከረጢቱ እንዲህ ለስላሳ ባይሆንስ? ቧንቧው ክፍት ሆኖ ከረጢቱ ግትር ቢሆን፣ አየር ሲወሰድበት እየተቃወመ? ያኔ ገደቡ የት ነው? ልጅቷ አላውቅም አለች። እሱም አላውቅም አለ፣ ጻፈውና መነጽሩን አወረደ።

እኔ ግን አውቶቡስ ላይ ሳስበው ነበር። በአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሁለት ጊዜ ይቅርታ አለችኝ፣ አልሰማኋትም።

ግንቦት 16

እሑድ። ወንድሜ ትንሽ የናስ ቧንቧ አመጣልኝ፣ ከነእጀታው። «ለአረፋሽ» አለ። «ዝግና ክፍት መለየት አቅቷቸው ዶክተር ለሚሆኑ ሰዎች።» ዶክተሯን እንዳትነካብኝ አልኩት።

ዓርብ ወደ ሥራ ስገባ የተበላሸው ወረቀት ሳጥን ቦታውን ለውጧል። ከማሽኑ ጎን ተነስቶ ከእኔ ጠረጴዛ ሥር ነው። ማን እንዳዛወረው ማንም አልተናገረም። ጋሼ ማሽኑንም አሠርቶታል፣ ጀርባውን ያትማል። ምላጭ «እንግዲህ ምን ታነቢያለሽ?» አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጽሑፉን ይዞ መጥቶ፣ እዚህ ቤት የምታነበው የትኛዋ ናት ብሎ ጋሼን ጠየቀው። ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ጠረግሁ። በፌስታሉ ፋንታ ወፍራም የጎማ ከረጢት አስገባሁ፣ የወንድሜን ቧንቧ ገጠምኩ፣ እጀታውን አስተኛሁት። ክፍት። 32 አለፈች። 38 ላይ ቆመች። 41 ላይ ሄደች። ወፍራሙን በሌላ፣ ይበልጥ ግትር በሆነ ቀየርኩት፤ 46።

ከግማሹ ይበልጣል፣ ከሙሉው ያንሳል። ሆዷን መንፋት ተፈቅዶላታል፣ ግን በዋጋ። ዋጋውን የሚጠይቀው ከረጢቱ ነው። የመጀመሪያው ቅርፅ ቁጥር ላይ የከረጢቱን ግትርነት የሚደምር አንድ ነገር መኖር አለበት። እንዴት እንደሚደመር ይታየኛል፣ ገና ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ይታየኛል።

ይህን ከሳጥኑ አላገኘሁትም። መሀሉን የምሞላለት የሰው ገጽ የለም። ስለዚህ ከሱቅ ያልተበላሸ፣ በሁለቱም በኩል ነጭ የሆነ ወረቀት ገዛሁ። አንዱን አወጣሁ፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ላይኛው ጥግ ላይ ቁጥር ጻፍኩ።

1።